የመዝገቡ ቁልፍ

ሐርጌሳ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ናት። ከጅግጅጋ ተነሥቶ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ይደርስባታል። ከበርበራ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚጫነው ዕቃ የሚመጣው በዚሁ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በከተማዪቱ ውስጥ የንግድ ቤቶች፣ የገንዘብ አስተላላፊዎችና የትራንዚት መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ። ከከተማዪቱ ክፍሎችም አንዱ 31 ሜይ ተብሎ ይጠራል።

ይህች ከተማ የመዝገብን ዋጋ ከብዙ ከተሞች ይልቅ አብልጣ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1988 በተካሄደው ጦርነት በመድፍና በአውሮፕላን ተደብድባ አብዛኛው ሕንፃዋ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቿም ድንበር እየተሻገሩ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርትሼክና ወደ ሌሎች የስደተኞች መጠለያዎች ሄዱ። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል ወር 2022 መጀመሪያ፣ ዋሄን የተባለው የከተማዪቱ ትልቅ ገበያ በአንድ ሌሊት ቃጠሎ ወደመ። ቤት ሲፈርስና ሱቅ ሲቃጠል የሚጠፋው ግድግዳውና ዕቃው ብቻ አይደለም። ማን ከማን ምን ያህል እንደ ተበደረ፣ የትኛው ዕቃ ዋጋው እንደ ተከፈለና የትኛው እንዳልተከፈለ የሚናገረው ደብተርም አብሮ ይነዳል። ሱቅ በጉልበትና በብድር እንደገና ይሠራል፤ ቅጅ የሌለው መዝገብ ግን ከሰው ትዝታ በቀር መተኪያ አይገኝለትም።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ መዝገቡን በሁለት ቦታ ያኖራል። በአሁኑ ዘመን የንግድ መዝገብ በኮምፒዩተር ስለሚያዝ፣ ሁለተኛው ቅጅ ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ወይም ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በሚባለው ማከማቻ ላይ ይገለበጥና ወደ ሌላ ቤት ይወሰዳል። ይህ አሠራር መዝገቡን ከእሳት ያድነዋል። ነገር ግን ከአንዱ አደጋ ያዳነው ቅጅ ለሌላ አደጋ በር ይከፍታል፤ በኪስ የሚያዝ ነገር ከኪስ ይወድቃልና። የወደቀውን ያነሣ ሰው ደግሞ የደንበኞችን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የገንዘብ ልክ በአንድ ጊዜ ሊያነብ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተንቀሳቃሽ ማከማቻን በምሥጠራ መቈለፍ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነና አንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመርጥ ማስረዳት ነው።

ትንሽ ዕቃ፣ ትልቅ ሸክም

ፍላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የዚያን ጊዜው ፍላሽ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ 1 ቴራባይት የሚይዝ ፍላሽ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ይኸውም የመጀመሪያውን 125,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

የዚህን ትርጉም በአማርኛ ጽሑፍ እንለካው። ኮምፒዩተር አንዱን የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ለማስቀመጥ 3 ባይት ይፈጅበታል። በአንድ ገጽ ላይ 1,500 ፊደላት ቢኖሩ ገጹ 4,500 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ተራ የሚባለው የ64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ14 ሚሊዮን ገጽ በላይ ጽሑፍ ይይዛል። ይህን ያህል ወረቀት ለመስረቅ ሌባው ብዙ ከባድ መኪና ባስፈለገው ነበር፤ ፍላሹን ለመስረቅ ግን ሁለት ጣት ይበቃዋል።

ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሏቸው። የመጀመሪያው፣ “ኮምፒዩተሬ ሲከፈት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ መረጃዬ የተጠበቀ ነው” የሚለው ነው። ይህ የይለፍ ቃል የሚጠብቀው የኮምፒዩተሩን በር እንጂ ፍላሹን አይደለም። ፍላሹ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በተሰካ ጊዜ ያለ ምንም ጥያቄ ይነበባል። ሁለተኛው፣ “ምሥጢር የሆነውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ” የሚለው ነው። በኮምፒዩተር ላይ አንድን ሰነድ በተለመደው መንገድ ማጥፋት፣ በቤተ መጻሕፍት የካርድ ማውጫ ውስጥ የመጽሐፉን ካርድ ቀድዶ እንደ መጣል ነው። ካርዱ ይጠፋል፤ መጽሐፉ ግን ሌላ መጽሐፍ በቦታው እስኪቀመጥ ድረስ በመደርደሪያው ላይ ይቆያል። ፈልጎ ማግኘት የሚችል ሰውም ያገኘዋል።

ምሥጠራ ምንድን ነው?

ቃልን ሰውሮ ማስተላለፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቅኔ ወርቁን በሰም ሸፍኖ ይናገራል፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፣ ወርቁን ግን ኅብረ ቃሉን ያወቀ ብቻ ያገኘዋል። የኮምፒዩተር ምሥጠራ ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተመሠጠረ ጽሑፍ ሰም እንኳ የለውም፤ ላየው ሰው ሁሉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ሁለተኛ፣ የቅኔ ወርቅ በአስተዋይነት ይገኛል፤ በደንብ የተመሠጠረ ጽሑፍ ግን ቁልፉ ከሌለ በአስተዋይነትም ሆነ በትዕግሥት አይገኝም።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከት። በፊደል ገበታችን ቅደም ተከተል መሠረት እያንዳንዱን ፊደል በሚቀጥለው ፊደል እንተካ፤ የድምፁን ቤት ግን አንለውጥ። እንዲህ ሲሆን “ሰ” ወደ “ሸ”፣ “ላ” ወደ “ሓ”፣ “ም” ወደ “ሥ” ይለወጣሉ። “ሰላም” የሚለው ቃልም “ሸሓሥ” ሆኖ ይጻፋል። በዚህ ምሳሌ ዘዴው “ፊደልን ወደ ፊት ማሸጋገር” ሲሆን፣ ቁልፉ “አንድ” የሚለው ቁጥር ነው። ቁልፉ ሦስት ወይም ሰባት ቢሆን ኖሮ ሌላ ጽሑፍ በወጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ቁልፍ ደካማ ነው። የገበታው ፊደላት 33 ስለሆኑ ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች 32 ብቻ ናቸው፤ አንድ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። ከዚህ የምንረዳው የምሥጠራ ጥንካሬ አንዱ መለኪያ የሚሞከሩት ቁልፎች ብዛት መሆኑን ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1977 ያጸደቀውና ዴስ የተባለው የምሥጠራ ዘዴ ቁልፉ 56 ቢት ርዝመት ነበረው። በዘመኑ በቂ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ አንድ መሣሪያ ቁልፉን በ56 ሰዓት ውስጥ ሞክሮ አገኘው።

በዴስ ምትክ አዲስ ዘዴ በግልጽ ውድድር ተፈለገ። ለውድድሩ 15 ዘዴዎች ቀርበው በብዙ አገሮች ሊቃውንት ከተመረመሩ በኋላ፣ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት የቤልጅግ ተወላጆች ያዘጋጁት ተመረጠ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤኢኤስ በሚል ስም ጸደቀ። ቁልፉ 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ሊሆን ይችላል። የ256 ቢት ቁልፎች ብዛት በአኀዝ ቢጻፍ 78 አኀዝ ይወጣዋል። ይህን ያህል ቁልፍ አንድ በአንድ ሞክሮ ለመጨረስ በዓለም ያሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ቢሰበሰቡ አይችሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የኤኢኤስ አሠራር በይፋ ከታወቀ እንዴት ምሥጢር ሊጠብቅ ይችላል? መልሱን ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1883 ሰጥቶታል። በእርሱ አስተሳሰብ መሠረት ጥሩ የምሥጠራ ዘዴ ማለት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልታወቀ ድረስ የማይጎዳ ነው። አናጢዎች ሁሉ የቁልፍን አሠራር ያውቃሉ፤ ይህን በማወቃቸው ግን የጎረቤታቸው ቤት አይከፈትላቸውም።

ሁለት ፍላሾች፣ ሁለት መጨረሻዎች

የምሥጠራን ጥቅም ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ በእውን የደረሱ ነገሮች ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር አንድ አማካሪ ኩባንያ ከመንግሥት የተቀበለውን መረጃ በፍላሽ ላይ ገለበጠ። በመረጃው ውስጥ በእንግሊዝና በዌልስ የነበሩት 84,000 እስረኞች ሁሉ ተመዝግበው ነበር። መንግሥት መረጃውን ያስረከበው በጥንቃቄ ቢሆንም፣ ኩባንያው በፍላሽ ሲገለብጠው አልመሠጠረውም። ፍላሹ ጠፋ። ነገሩ በአደባባይ ተነግሮ ትልቅ ነቀፋ አስከተለ፤ ኩባንያውም ውሉን አጣ።

በጃፓን አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 አማጋሳኪ በተባለች ከተማ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ለከተማው አስተዳደር በውል ይሠራ የነበረ አንድ ሰው የነዋሪዎቹን መረጃ በፍላሽ ይዞ ወጣ፤ ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሲጠጣ አመሸና በመንገድ ላይ ተኛ። ሲነቃ ቦርሳው አልነበረም። በፍላሹ ላይ የከተማዪቱ ነዋሪዎች ሁሉ፣ ወደ 460,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ስምና አድራሻ ነበረበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦርሳው ከነፍላሹ ተገኘ። ፍላሹ የተመሠጠረ ስለነበረ፣ ያ ሁሉ መረጃ በጠፋባቸው ቀናት እንኳ ያገኘው ሰው ሊያነበው አይችልም የሚል ተስፋ ነበረ።

ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። አንድ የከተማው ሹም ሕዝቡን ለማረጋጋት ብሎ ለጋዜጠኞች ሲናገር የይለፍ ቃሉ ከፊደልና ከቁጥር የተውጣጣ 13 ምልክት ያለው መሆኑን ገለጸ። ይህን የሰሙ ሰዎች ወዲያውኑ ግምታቸውን ይሰጡ ጀመር። ፍላሹ ገና ባልተገኘበት ሰዓት የቁልፉን ልክ መናገር ሌባን እንደ መርዳት ነው። ምሥጠራው መልካም ሆኖ ሳለ የሰው አንደበት አላላው።

ሶፍትዌሩ እንዴት ይመረጣል?

አንድ መሥሪያ ቤት የምሥጠራ ሶፍትዌር ለመምረጥ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “ከሁሉ የሚጠነክረው የትኛው ነው?” የሚል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ዛሬ የታወቁት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ኤኢኤስን ስለሚጠቀሙ በዘዴው ጥንካሬ ብዙም አይለያዩም። ልዩነታቸው የሚታየው በሚከተሉት አምስት ነገሮች ነው።

ሀ. በሌሎች የተመረመረ መሆኑ። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚናገረው ምስክርነት ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ የይለፍ ቃል የሚጠይቁና በውስጣቸው ራሳቸው የሚመሠጥሩ ፍላሾች በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በጀርመን አገር የሚሠሩ መርማሪዎች የታወቁ አምራቾች ከሠሯቸው እንዲህ ካሉ ፍላሾች በአንዳንዶቹ ላይ ከባድ ጉድለት ማግኘታቸው ተገለጸ። የይለፍ ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ ፍላሹን የሚከፍተው የመጨረሻው ምልክት ለሁሉም አንድ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው ግን ለሁሉም ቤት አንድ ቁልፍ ይዟል እንደ ማለት ነው። እነዚህ ፍላሾች የመንግሥት የጥራት ማረጋገጫ የተሰጣቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018ም በሆላንድ አገር የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸውን እንመሠጥራለን በሚሉ አንዳንድ ዲስኮች ላይ ተመሳሳይ ድክመት አሳይተዋል።

ለ. ዛሬም በጠባቂ እጅ ያለ መሆኑ። ሶፍትዌር እንደ ቤት ነው፤ ካልታደሰ ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በብዙዎች ዘንድ ይታመን የነበረው ትሩክሪፕት እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 አዘጋጆቹ በድንገት ሥራውን አቆሙ፤ ተጠቃሚዎችም ወደ ሌላ እንዲዛወሩ አሳሰቡ። ሥራው ግን በትሩክሪፕት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ቬራክሪፕት ቀጠለ። ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ከመመረጡ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ እንደ ሆነ መታየት አለበት።

ሐ. በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የሚከፈት መሆኑ። ቢትሎከር ቱ ጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር የወጣ ሲሆን ለተንቀሳቃሽ ማከማቻ የተዘጋጀ ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የተለየ ክፍያ አይጠይቅም። ሆኖም ፍላሹን ለመመሥጠር ለመሥሪያ ቤት የሚሆነው የዊንዶውስ ዓይነት ያስፈልጋል፤ ለቤት የሚሆነው ዓይነት የተመሠጠረውን ይከፍታል እንጂ አዲስ አይመሠጥርም። በማክ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይከፈትም። ማክ የራሱ መመሥጠሪያ አለው፤ ሊኑክስም ሉክስ የሚባል አለው። ቬራክሪፕት በሦስቱም ላይ የሚሠራና በነፃ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ቬራክሪፕት በሌለበት እንግዳ ኮምፒዩተር ላይ ፍላሹን ለመክፈት የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም በሰው መሥሪያ ቤት በቀላሉ አይገኝም።

መ. የይለፍ ቃል ሲረሳ መመለሻ ያለው መሆኑ። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ለብቻው እንመለስበታለን።

ሠ. ለሠራተኛው ቀላል መሆኑ። አስቸጋሪ መዝጊያ ያለው በር ክፍት ሆኖ ይውላል። ፍላሹን ለመክፈት ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሶፍትዌር ከተመረጠ፣ ሠራተኛው ሥራው ሲጣደፍበት ያልተመሠጠረ የግል ፍላሹን ማውጣቱ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን የተገዛው ሶፍትዌር በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል፤ መረጃው ግን በሠራተኛው ኪስ ሳይቈለፍ ይዞራል።

ቁልፉን ማን ይይዛል?

የተመሠጠረ ማከማቻ በውስጡ ሁለት ቁልፎች እንዳሉት አድርገን ልናስበው እንችላለን። መረጃውን የሚቈልፈው ዋናው ቁልፍ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያወጣው ረጅም ቁጥር ነው። ይህ ቁልፍ በማከማቻው መጀመሪያ ላይ በትንሽ ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቈጠር። ሠራተኛው የሚያውቀው የይለፍ ቃል ዋናውን ቁልፍ የያዘችውን ትንሽ ሣጥን የሚከፍት ነው። የይለፍ ቃሉ ሲለወጥ የሚለወጠው የትንሿ ሣጥን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ፣ መረጃው ሁሉ እንደገና መመሥጠር አያስፈልገውም።

ታዲያ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ቢረሳው፣ ሥራ ቢለቅ ወይም ቢሞት ምን ይሆናል? የምሥጠራው ጥንካሬ ለባለቤቱና ለሌባው አይለይም። ሌባውን ያገደው ግድግዳ ባለቤቱንም ያግደዋል። ቁልፉ የጠፋበት የተመሠጠረ መዝገብና በእሳት የነደደ መዝገብ ልዩነት የላቸውም። በዋሄን ገበያ የደረሰውን ጥፋት ለማምለጥ ቅጅ ያዘጋጀ ነጋዴ፣ በአንድ ሰው መርሳት ምክንያት መዝገቡን በገዛ እጁ እንዳቃጠለ ይሆንበታል።

ሁለቱ የታወቁ ሶፍትዌሮች ለዚህ የተለያየ መፍትሔ አላቸው። ቢትሎከር ፍላሹን ሲመሠጥር ትንሿን ሣጥን ሊከፍት የሚችል 48 አኀዝ ያለው መልሶ መክፈቻ ቁልፍ ያወጣል። ይህ ቁልፍ ታትሞ ሊቀመጥ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ መዝገብ ሊያዝ ይችላል። ቬራክሪፕት እንዲህ ያለ ቁልፍ አያወጣም። ሆኖም ኃላፊው በመጀመሪያ በራሱ የይለፍ ቃል ፍላሹን መሥጥሮ የትንሿን ሣጥን ቅጅ ለብቻ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ለራሱ ይለውጣል። ሠራተኛው በረሳ ጊዜ ኃላፊው ያስቀመጠውን ቅጅ ይመልስና በቀድሞው የይለፍ ቃል ይከፍተዋል። ይህ የሚሆነው ግን አስቀድሞ የታሰበበት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ካለፈ በኋላ መጨነቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ምርጫው በሥራ ላይ

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እናጠቃልለው። በሐርጌሳ፣ በ31 ሜይ ክፍል፣ አንድ የትራንዚት መሥሪያ ቤት አለ ብለን እናስብ። ሥራው ከበርበራ የሚራገፈውን ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ማስተላለፍ ነው። ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሹም፣ ገንዘብ ያዥና ሁለት ጉዳይ አስፈጻሚዎች አሉት። ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ የደንበኞችን ሰነድ በፍላሽ ይዘው ከሐርጌሳ ወደ ውጫሌ ይመላለሳሉ። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ በየሳምንቱ የሒሳቡን መዝገብ ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠ በሌላ ሰፈር ያስቀምጣል።

ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ሶፍትዌር ለመግዛት አይቸኩልም። ምን መረጃ፣ በማን እጅ፣ ወደ የት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ይዘረዝራል። ፍላሽ ይዞ መሄድ የማያስፈልገው ሠራተኛ ካለ ፍላሹን ያስቀራል፤ ያልተያዘ ነገር አይጠፋምና። ቀጥሎ የኮምፒዩተሮቹን ዓይነት ይመለከታል። ሁሉም ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ዊንዶውስ ካላቸው፣ ጉዳይ አስፈጻሚዎቹም ሰነዱን የሚከፍቱት በራሳቸው ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ቢትሎከር ይበቃዋል። በአዲስ አበባ ያለው ተባባሪ ማክ ወይም ሊኑክስ የሚጠቀም ከሆነ ግን ቬራክሪፕትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉ ይወሰናል። የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም የይለፍ ቃል መሆን አይገባውም፤ ሌባ አስቀድሞ የሚሞክረው እነዚህን ነው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ቢደረደሩ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ይሆናሉ። ቃላቱ አማርኛ ወይም ሶማሊኛ ቢሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ የሌለው ኮምፒዩተር ሊያጋጥም ስለሚችል በላቲን ፊደል ቢጻፉ ይመረጣል።

መልሶ መክፈቻው ቁልፍ በወረቀት ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ በካዝና ይቀመጣል። በባንክ ቤት ካዝና በሁለት ሰዎች ቁልፍ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ይህም ፖስታ ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ሹሙ በአንድነት ሳይገኙ እንዳይከፈት ይደረጋል። ካዝናው ያለበት ቤት ቢቃጠል ቁልፉ እንዳይጠፋ ሁለተኛ ቅጅ በሌላ ቦታ ይኖራል። ይህም ቅጅ ከሃርድ ዲስኩ ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ቁልፍን ከሣጥኑ ጋር ማኖር ሣጥኑን ክፍት እንደ መተው ነው። በመጨረሻም በየጊዜው አንድ ቀን ተመርጦ ቅጁ በመልሶ መክፈቻው ቁልፍ መከፈቱ ይፈተናል። ያልተፈተነ ቁልፍ ተስፋ እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ምሥጠራ የማይሠራው ሥራ

ምሥጠራ ለሁሉ ነገር መድኃኒት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ፍላሹ በይለፍ ቃል ከተከፈተ በኋላ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለ ቫይረስ መረጃውን እንደ ባለቤቱ ሊያነበው ይችላል። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ በፍላሹ ላይ የለጠፈ ሰው አልመሠጠረም ማለት ይቻላል። ፍላሹ ቢሰበር ምሥጠራ አይጠግነውም፤ ስለዚህ ምሥጠራ የቅጅ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ እየሆነ መጥቷል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን ስም፣ አድራሻና የመሳሰለውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን ከጥፋትና ያለ ፈቃድ ከሚያይ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የግዴታው መሠረት ግልጽ ነው። በፍላሹ ላይ ያለው መረጃ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ቢመስልም፣ ስማቸው የተጻፈባቸው ሰዎች አደራ ነው። ለእናቱ ገንዘብ የላከው ስደተኛ፣ ዕቃውን ያስጫነው ነጋዴና ደመወዙ የተመዘገበው ተላላኪ ፍላሹ ሲጠፋ ሳያውቁት ይጎዳሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው መዝገብን ሁለት አደጋዎች ይጠብቁታል፤ አንዱ መጥፋት፣ ሌላው በባዕድ እጅ መውደቅ ነው። ቅጅ ከመጀመሪያው ያድናል፤ ምሥጠራ ከሁለተኛው ያድናል። ጥሩ የምሥጠራ ሶፍትዌር ማለት ዘዴው በይፋ የታወቀ፣ በሌሎች የተመረመረ፣ በየጊዜው የሚታደስ፣ በሚያስፈልግበት ኮምፒዩተር የሚከፈትና ለሠራተኛው የማይከብድ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቁልፉ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል።

ሐርጌሳ ከፍርስራሽዋ ተነሥታ እንደገና ተሠርታለች። ዋሄንም ከቃጠሎው በኋላ ነጋዴዎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። አንድ ከተማ እንዲህ የሚነሣው በድንጋይና በሲሚንቶ ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎች ስለ ገንዘባቸውና ስለ ስማቸው እርስ በርስ በመተማመናቸውም ጭምር ነው። ፍላሹን የሚቈልፍ ሠራተኛ የሚጠብቀው ይህንን መተማመን ነው።